ሆድ ሳይከፈት

በ1806 የፍራንክፈርቱ ሐኪም ፊሊፕ ቦዚኒ በሕያው ሰው ገላ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባ ዕቃ መሥራቱን አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሠራሩ ቀላል ነበር። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሰም ሻማ ይበራል፤ መስታወት ብርሃኑን ሰብስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ይልከዋል፤ ሐኪሙ ከወዲህ በኩል ዓይኑን አስጠግቶ ያያል። ዕቃው ቪየና ተልኮ ተሞከረ፤ የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም ተገኘ፤ በመጨረሻ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ቦዚኒም ብዙ አልቆየም። በ1809 የታይፈስ ሕሙማንን ሲያክም በሽታው ይዞት በ35 ዓመቱ ሞተ።

በትልቁ አንጀት ውስጥ የበቀለን ዕጢ ሆድ ሳይከፍቱ የማውጣት ታሪክ ከዚያች ሻማ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ታሪኩ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ የዓይን፣ ሌላው የስለት። ሁለቱ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ለየብቻ ተጓዙ። እስኪገናኙ ድረስ ከባዱን ዋጋ የከፈሉት አረጋውያን ናቸው። የአንጀት ካንሰር ዕድሜ ሲገፋ የሚበረታ በሽታ ነውና፤ ቢላዋን የመቋቋም አቅም የሚያንሰውም በዚያው ዕድሜ ነው።

የስለቱ መንገድ ገና ከጅምሩ ጭካኔ ነበረበት። በ1826 ዣክ ሊስፍራንክ ፓሪስ ላይ በካንሰር የተበላሸ ፊንጢጣን ከታች በኩል ቆርጦ አወጣ። ኤተር ለማደንዘዣነት የዋለው ከዚያ ሃያ ዓመት በኋላ ስለሆነ ታካሚው ሁሉንም እያወቀ ነው የተቆረጠው። የዓይኑ መንገድ ደግሞ በዝግታ ሄደ። በ1895 ባልቲሞር ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሃዋርድ ኬሊ ፊንጢጣንና ከዚያ በላይ ያለውን ጥቂት ክፍል የሚያሳይ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አበጀ። ብርሃኑ የሚመጣው ከውጭ መብራት ሲሆን፣ ሐኪሙ ግንባሩ ላይ ባሰረው መስታወት እያንጸባረቀ ወደ ውስጥ ያስገባው ነበር። ከዚያ የተወለዱት ግትር ቱቦዎች 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገባሉ። ትልቁ አንጀት ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው፤ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ ሆዳችንን ዞሮ ይከብበዋል። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በላይ ያለው ሁሉ ጨለማ ነበር።

በዚህ ጨለማ ውስጥ እየሠራ ነበር በ1908 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ማይልስ ስሙን ያስጠራውን ቀዶ ሕክምና ያሳተመው። ማይልስ ከታች በኩል ብቻ እየቆረጠ ካወጣላቸው 57 ሕሙማን መካከል በ54ቱ ላይ ካንሰሩ ተመልሶባቸው አየ። ቁጥሩ ዕረፍት ነሳው። የሞቱትን እየመረመረ ሲከታተል፣ በሽታው በሊምፍ መስመሮች ወደ ላይ እንደሚወጣ ተረዳ። ስለዚህ ከሆድም ከታችም ከፍቶ፣ ፊንጢጣውን ከነአካባቢው ጠርጎ ማውጣት፣ ከዚያም ሆድ ላይ ቋሚ የሰገራ መውጫ መክፈት ጀመረ። አሳቡ ትክክል ነበር፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታትም የሕክምናው መለኪያ ሆኖ ኖረ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተቀደዱት ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ከቀዶ ሕክምናው አያገግምም ነበር።

እንግዲህ አንድ የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት፣ ልባቸው የደከመ፣ ከዚህ ሐኪም ፊት ቢቀርቡ ምን ይባላሉ? አብዛኛውን ጊዜ ቢላዋውን አይችሉትም ተብሎ ይተዋሉ። እኔ ይህን የሐኪሞች ጭካኔ አድርጌ አላየውም። በእጃቸው የነበረው መድኃኒት አንድ መጠን ብቻ ነበረው፤ ለኃይለኛው ወጣትም ለደካማው ሽማግሌም ያው ትልቁ።

መጠኑ ሊያንስ እንደሚችል የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው ቀዶ ሐኪም አይደለም፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው። በለንደኑ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል ፓቶሎጂስቱ ካትበርት ዱክስ የተቆረጡትን አንጀቶች ሁሉ እየተቀበለ ይመረምር ነበር። በ1928 ከቀዶ ሐኪሙ ከሎክሃርት-መመሪ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ካንሰር ከመታየቱ በፊት በአንጀት ሽፋን ላይ የሚታዩትን ለውጦች ገለጸ። በ1932 ደግሞ ካንሰሩን በደረሰበት ጥልቀት ከፈለው፤ ከአንጀት ግድግዳ ያልወጣ፣ ግድግዳውን ያለፈ፣ ወደ ሊምፍ ዕጢ የደረሰ። ወሳኙ ነገር የዕጢው ስፋት ሳይሆን የሰረገበት ጥልቀት መሆኑን ያስተማረው ይህ ሥራ ነው። በዚያው ሆስፒታል የዱክስን ቦታ የወረሰው ባሲል ሞርሰን በ1970ዎቹ አሳቡን አጠናከረው። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር መጀመሪያ ፖሊፕ ነው፤ ማለትም በአንጀት የውስጥ ገጽ ላይ የሚበቅል፣ ለዓመታት ያለ ጉዳት የሚቀመጥ ትንሽ ዕጢ። ቡቃያውን የነቀለ ካንሰሩን አስቀረ ማለት ነው። ነገር ግን ማን ይድረስበት?

መልሱ ከመስታወት ክር መጣ። በ1954 ለንደን ላይ ሃሮልድ ሆፕኪንስና ናሪንደር ካፓኒ በአንድ ላይ የታሰሩ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ቢታጠፉም ምስል እንደሚያሳልፉ አሳተሙ። ጽሑፉን በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር ከተማ ይሠራ የነበረ ደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ሐኪም፣ ባሲል ሂርሾዊትዝ፣ አነበበው። ለንደን ድረስ ሄዶ አይቶ ተመለሰ። ችግሩ ብርሃኑ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው እያመለጠ ምስሉ መደብዘዙ ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ላሪ ከርቲስ በ1956 መጨረሻ እያንዳንዱን ክር በሌላ ዓይነት መስታወት አለበሰውና ችግሩ ተፈታ። በ1957 መጀመሪያ ሂርሾዊትዝ ዕቃውን መጀመሪያ ራሱ ዋጠው፤ ከቀናት በኋላ ለታካሚ ተጠቀመበት። የሰው ሆድ ውስጥ መታጠፍ የሚችል ዓይን ገባ።

ይህ ግን ለጨጓራ ነው። ትልቁ አንጀት የበለጠ አስቸገረ። በ1963 በዚያው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቤርጋይን ኦቨርሆልት ለታችኛው አንጀት የሚሆን የሚታጠፍ መሣሪያ በሰው ላይ ሞከረ። በ1965 ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ፕሮቬንዛሌና ሬቪኛስ የተባሉ ጣሊያናውያን ሐኪሞች ደግሞ ሰሚውን የሚያስደንቅ ዘዴ ፈጠሩ። ታካሚው ረዥም ቀጭን ቱቦ ይውጣል፤ ቱቦው በቀናት ውስጥ አንጀቱን ሁሉ አልፎ በታች ይወጣል፤ ከዚያ መመርመሪያውን ጫፉ ላይ አስረው ወደ ላይ ይስቡታል። ትልቁን አንጀት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሥቃይ ለዕለት ተዕለት ሕክምና ማዋል እንደማይቻል ግን ግልጽ ነበር። በጃፓን ደግሞ የጨጓራ ካንሰር ብዙ ሰው ይገድል ስለነበር የኦሊምፐስ ኩባንያ ከ1950 ጀምሮ በሚዋጥ ካሜራ ላይ ሲደክም ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለትልቁ አንጀት የሚሆን ረዘም ያለ መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት ኒው ዮርክ ላይ ነው። ሂሮሚ ሺንያ ከደቡብ ጃፓን መጥቶ በቤዝ እስራኤል ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተከታተለ ወጣት ነበር፤ ባልደረባው ዊልያም ዎልፍ በዕድሜም በልምድም የሚበልጠው ቀዶ ሐኪም። ሁለቱም ቢላዋ ያዦች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከግትሩ ቱቦ በላይ የበቀለ አንድ ፖሊፕ ለማውጣት በዚያ ዘመን ሆድ ይከፈታል፤ አንጀት ይሰነጠቃል፤ ተሰፍቶ ይዘጋል። ምናልባት የአንድ ቦሎቄ ፍሬ ለምታህል ዕጢ ነው ይህ ሁሉ። ሺንያ መሣሪያውን በሁለት ሰው ሳይሆን በአንድ ሐኪም እጅ ማስኬድን ተለማመደ፤ አንዱ እጅ ጫፉን ያዞራል፣ ሌላው ይገፋል፣ ይስባል። ከዚያ በ1969 መጀመሪያ ላይ በመሣሪያው ውስጥ ባለው ጠባብ ቀዳዳ አልፎ የሚወጣ የሽቦ ሸምቀቆ በወረቀት ላይ ነደፈ፤ ከኦሊምፐስ ባለሙያ ጋር ሆኖ ሠራው። ሽቦው ፖሊፑን አንገቱ ላይ ያንቀዋል፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት እየቆረጠ ደሙን ያደርቀዋል።

በዚያው ዓመት መስከረም ሺንያ በዚህ ሸምቀቆ የመጀመሪያውን ፖሊፕ ከትልቁ አንጀት አወጣ። ሆድ አልተከፈተም። ብዙ ባልደረቦቻቸው ግን አላመኗቸውም፤ አንጀት ይበሳል፣ ደም ይፈስሳል፣ ካንሰር ይዛመታል ብለው ተከራከሩ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ሁለቱ ሐኪሞች መልሳቸውን በቁጥር አዘጋጁ። በ1973 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ 300 ያህል ፖሊፖችን አንድም ሰው ሳይሞት ማውጣታቸውን አስታወቁ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ያለ ጽሑፍ ስንት እንዳለ አላውቅም፤ አንድን ትልቅ ቀዶ ሕክምና በአንድ ቀን ጠዋት ተሠርቶ ከሰዓት ወደ ቤት የሚያስኬድ ሥራ ያደረገ ጽሑፍ ነው።

አንገት ያለው ፖሊፕ በሸምቀቆ ይታነቃል። አንገት የሌለው፣ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተንጠፍፎ የተኛውስ? የትልቁ አንጀት ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት አለው፤ ዕጢውን አንቆ ሲቃጠል ጡንቻው አብሮ ከተያዘ አንጀቱ ይበሳል፣ ሰገራ ወደ ሆድ ዕቃ ይገባል። መፍትሔው አስቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1955 ሮዘንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በግትሩ ቱቦ ውስጥ ሲሠራ ከዕጢው ሥር ጨዋማ ውሃ በመርፌ ይከትት ነበር፤ ሽፋኑ ይነፋና ከጡንቻው ይለያል። በ1973 ዳይሌና ባልደረቦቹ ይህንኑ በሚታጠፈው መሣሪያ አደረጉት። በ1984 ጃፓናዊው ታዳ ዘዴውን ለጨጓራ አዳብሮ አሳተመ። ዛሬ ኢኤምአር የሚባለው ሕክምና አባቶች እነዚህ ናቸው።

መንገዱ ያለ ሬሳ አልተጠረገም። በ1979 ፈረንሳይ ውስጥ አንጀቱ ማኒቶል በተባለ ስኳር መሰል መድኃኒት የተጠረገ ታካሚ ፖሊፑ በኤሌክትሪክ ሲቆረጥ አንጀቱ ፈንድቶ ሞተ። ባክቴሪያዎች ማኒቶሉን አብላልተው ሃይድሮጅን ፈጥረው ነበር፤ ብልጭታዋ ለኮሰችው። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ላይ ዴቪስና ፎርድትራን ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለ ውሁድ ከጨዎች ጋር የተመጣጠነበትን የአንጀት ማጠቢያ ፈሳሽ አቀረቡ። የማይቀጣጠል ብቻ አይደለም፤ ከሰውነት ውሃና ጨው አይነጥቅም። ስለ መሣሪያ ሲወራ ይህ ይረሳል፤ ለአረጋውያን ግን ከመሣሪያው የማያንስ ውለታ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሽማግሌ ከምርመራው በፊት ባለው ሌሊት በተቅማጥ ደርቆ፣ ራሱን ስቶ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ወድቆ ዳሌው ሊሰበር ይችላል። ኩላሊት የሚጎዳው የፎስፌት ማጠቢያ በአሜሪካ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት ግን ገና በ2008 ነው።

ከዚያ ዓለም ሁሉ የሰማው ሕመምተኛ መጣ። ሐምሌ 12 ቀን 1985፣ ዓርብ ዕለት፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን ቤተስዳ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ሆስፒታል ገቡ። ዕድሜያቸው 74 ነበር። የመጡት ቀደም ሲል በምርመራ የታየችን አንዲት ትንሽ ፖሊፕ ለማስወጣት ነው። ሐኪሞቹ ትንሿን በሸምቀቆ አወጡ፤ መሣሪያውን እስከ ትልቁ አንጀት መነሻ ድረስ ሲያስገቡ ግን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ሌላ ዕጢ ተጋድሞ አገኙ። በማግስቱ ሆዳቸው ተከፍቶ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል አንጀት ተቆርጦ ወጣ። ሬጋን ሥልጣናቸውን ለምክትላቸው ለጆርጅ ቡሽ ለስምንት ሰዓት ያህል አስረከቡ። ሰኞ የተነገረው የምርመራ ውጤት ካንሰር የሚል ነበር፤ ወደ ግድግዳው ጡንቻ ሰርጓል፤ ወደ ሊምፍ ዕጢ ግን አልደረሰም።

ሬጋን ከዚያ በኋላ 19 ዓመት ኖረው በ93 ዓመታቸው በሌላ ሕመም አረፉ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው ሰባ አራት ዓመት ለትልቅ ቀዶ ሕክምና የተዘጋ በር አለመሆኑ ነው፤ ጥሩ ጤና፣ ጥሩ ሆስፒታልና ጥሩ እጅ ከተገኘ። ሁለተኛው የሸምቀቆው ወሰን ነው። ያ ዕጢ ዛሬም ቢሆን፣ በእጅጉ በተራቀቀው መሣሪያ እንኳ፣ በውስጥ በኩል ብቻ ሊድን የሚችል አልነበረም፤ ጡንቻ ውስጥ ገብቷልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተገኝቶ ቢሆን ግን በማለዳ ገብተው በእራት ሰዓት ቤተ መንግሥታቸው ይመለሱ ነበር። በዚያ ሰሞን በአሜሪካ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በሚታጠፈው መሣሪያ ትልቁን አንጀት መመርመርን፣ የሚጠይቀው ሰው ቁጥር አሻቀበ።

ቀድሞ ማግኘት ማለት ደግሞ ማየት መቻል ነው። በ1980ዎቹ ከክሮቹ ጥቅል ይልቅ በመሣሪያው ጫፍ ላይ የተቀመጠች ኤሌክትሮኒክ ካሜራ ምስሉን በቴሌቪዥን መስኮት ላይ አመጣችው፤ ረዳቱም ነርሷም ሠልጣኙም ሐኪሙ የሚያየውን ማየት ቻሉ። በዚሁ ጊዜ ጃፓናዊው ሺንኤ ኩዶ ቡቃያ የማይመስሉ፣ ጠፍጣፋና እንዲያውም ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ዕጢዎችን ሰማያዊ ቀለም እየረጨ ማሳየት ጀመረ። የጎደጎዱት ትንሽ ሆነው ሳለ በፍጥነት ወደ ጥልቅ ይሰርጋሉ። በምዕራቡ ዓለም ብዙዎች ይህ የጃፓን ብቻ ነገር ነው ብለው አላመኑትም። በ2000 በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ 1000 ኮሎኖስኮፒዎች በጥንቃቄ ሲደረጉ ከተገኙት ፖሊፖች ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ጠፍጣፋ ሆነው ተገኙ። ዕጢዎቹ ድሮም ነበሩ፤ የሚያያቸው ነው የጠፋው።

ፖሊፕ መንቀል ካንሰርን ያስቀራል የሚለው የሴንት ማርክስ አሳብም በቁጥር የተፈተነው በዚያው ዘመን ነው። በ1993 በአሜሪካ በሲድኒ ዊናወር የተመራው ብሔራዊ የፖሊፕ ጥናት፣ ፖሊፖቻቸው የወጡላቸውን 1418 ሰዎች ተከታትሎ፣ ይያዛሉ ተብሎ ከሚጠበቀው አንጻር የካንሰሩ መጠን ከ76 እስከ 90 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በ2012 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በአንጀት ካንሰር መሞት 53 በመቶ ቀንሷል።

በዚህ መካከል ሌላ ሥራ ለአረጋውያን ተሠርቷል፤ የሚጠቀስበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ዕጢው አድጎ አንጀቱን የዘጋባቸው ሕሙማን ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እያስመለሳቸው በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይመጣሉ። እንዲህ ባለ ሰዓት በጥድፊያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ለሽማግሌ ከታቀደው ይልቅ እጅግ አደገኛ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ስቴንት የሚባል የሚዘረጋ የብረት መረብ ቱቦ በሚታጠፈው መሣሪያ እያስገቡ የተዘጋውን መክፈት ተጀመረ። አንዳንዱ በዚያ ፋታ አገግሞ በቀን ብርሃን በረጋ እጅ ይቀደዳል። ካንሰሩ የተሰራጨበት ደግሞ የቀረውን ዕድሜ ያለ ሰገራ ከረጢት ይኖራል። ይህ ሁለተኛው ፈውስ አይባልም፤ ለአንዲት የሰማንያ ሁለት ዓመት እናት ግን ምን ያህል ትርጉም እንዳለው ያስታመመ ያውቀዋል።

ትልቁ እርምጃ ከጃፓን መጣ። ኢኤምአር ሰፊ ዕጢን በአንድ ጊዜ ሊያነሳ አይችልም፤ ሸምቀቆው የሚይዘው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ተቆራርሶ ይወጣል። እንጀራ ከምጣድ በሰፌድ ሙሉውን መነሳቱና እየተቀደደ መነሳቱ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ተቆራርሶ የወጣ ዕጢም ፓቶሎጂስቱ እጅ ሲደርስ ጠርዙ ነጻ ይሁን አይሁን፣ የሰረገው ምን ያህል እንደሆነ በትክክል አይታወቅም፤ ስፍራው ላይ የቀረው ቅሪትም ይመለሳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በቶኪዮ ብሔራዊ የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ጫፏ ላይ የሴራሚክ ኳስ ያለባት ቢላዋ ፈጠሩ። ኳሷ ኤሌክትሪክ ስለማታሳልፍ ጥልቁን ጡንቻ የመብሳት አደጋዋ ያነሰ ነው። በዚህች ቢላዋ ዕጢውን ዙሪያውን ቆርጠው፣ ከሥሩ ያለውን ልል ንብርብር ቀስ እያሉ ገፍፈው፣ ምንም ቢሰፋ በአንድ ቁራጭ ያወጡታል። ዘዴው ኢኤስዲ ይባላል።

መጀመሪያ የተሠራው ለጨጓራ ነበር። ጨጓራ ወፍራም ነው፤ ትልቁ አንጀት ስስና ጠመዝማዛ፣ የሚተነፍስና የሚንሸራተት። ከሥሩ የሚወጋው ጨዋማ ውሃም በደቂቃዎች ይሟሽሻል። የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲው ሂሮኖሪ ያማሞቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ውሃውን በሃያሉሮኒክ አሲድ ተካው፤ ይህ ሐኪሞች የአረጋውያንን የታመመ ጉልበት የሚወጉበት ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ሳይፈርስ ለረዥም ጊዜ ቆሞ ይቆያል። ሌሎችም ቢላዎችን አሳጠሩ፣ አጎበጡ፤ በአየር ፋንታ ቶሎ የሚመጠጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መንፋት ተለመደ፤ የተበሳ አንጀትንም ሆድ ሳይከፈት በብረት ክሊፕ ከውስጥ መዝጋት ተቻለ።

በ2010 ዩታካ ሳይቶና ባልደረቦቹ ከአሥር የጃፓን ተቋማት የሰበሰቡትን 1111 ዕጢዎች ውጤት አሳተሙ። ከመቶ 88ቱ በአንድ ቁራጭ ወጥተዋል፤ 4.9 በመቶው ላይ አንጀት ተበስቷል፤ 1.5 በመቶው ላይ ከሥራው በኋላ ደም ፈሷል። አንዱ ሥራ በአማካይ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሚያዝያ 2012 የጃፓን ብሔራዊ የጤና መድን ለትልቁ አንጀት ኢኤስዲ መክፈል ጀመረ። ጃፓን በዓለም ላይ አረጋውያን ከሕዝቡ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት፤ ዘዴው እዚያ መወለዱን የአጋጣሚ ነገር አድርጌ አልቆጥረውም። በ80ዎቹ ዕድሜ ያሉ ታካሚዎችን ከወጣቶች ጋር ያነጻጸሩ የጃፓን ጥናቶች በአንድ ቁራጭ የማውጣቱም ሆነ የመበሳቱ መጠን ተቀራራቢ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። እርግጥ እነዚያ አዛውንቶች ሐኪሞቻቸው ይችሉታል ብለው የመረጧቸው ናቸው፤ ቁጥሩን ስናነብ ይህን መርሳት የለብንም።

ምዕራባውያን ዘዴውን ለመቀበል ዘገዩ፤ መማሩ ዓመታት ይፈጃል፣ የተጣደፈ እጅ ይበሳል። በአውስትራሊያ ሲድኒ የማይክል ቡርክ ቡድን ቁራርሶ ማውጣትን ራሱን አጥርቶ፣ ጠርዙን እየተኮሰ፣ ቅሪቱ እንዳይመለስ ለማድረግ ደከመ። ክርክሩ ዛሬም አለ። በ2024 ከስድስት የፈረንሳይ ማዕከላት የወጣ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ዕጢው የተመለሰው በኢኤስዲ 0.6 በመቶ፣ በኢኤምአር 5.1 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ላነሱት ትናንሾች ደግሞ መንገዱ ወደ ቀላሉ ዞሯል፤ ኤሌክትሪክ ሳይለቀቅ በሸምቀቆ ብቻ መቁረጥ። በ2023 ከታይዋን የወጣ ከ4000 በላይ ሰዎች ያሉበት ጥናት፣ ዘግይቶ የሚመጣ ደም መፍሰስ ከ1.5 ወደ 0.4 በመቶ እንደሚወርድ አረጋገጠ። ለልባቸው ወይም ለአንጎላቸው ሲሉ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አረጋውያን ስንት እንደሆኑ ያሰበ ሰው የዚህችን ልዩነት ዋጋ ይረዳል።

በአገራችንም የትልቁ አንጀት ካንሰር በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው። ኮሎኖስኮፒ በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ይሠራል፤ የሠለጠኑት ሐኪሞች ቁጥርም ቀስ በቀስ እያደገ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ ግን የሚመጣው ከሰገራው ጋር የሚያየውን ደም ለወራት ኪንታሮት ነው ብሎ ታግሦ፣ ወይም ካንሰር ስለት ከነካው ይዛመታል የሚለውን ወሬ ፈርቶ፣ ሸምቀቆው ሊይዘው ከሚችልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በ2021 የምርመራው መጀመሪያ ዕድሜ ከ50 ወደ 45 መውረዱን ሊያውቁት ይገባል።

የዕድሜው ወሰን ከላይም አለው። የአሜሪካው የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2008 ምርመራው እስከ 75 ዓመት እንዲሆን፣ ከ85 በላይ ግን እንዳይደረግ መከረ። ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን አሥር ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ምልክት የሌለባቸውን የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት አንጀት አጥቦ፣ አስተኝቶ፣ ሊጎዳቸው ጊዜ የማይኖረውን ዕጢ መንቀል ጥቅሙ ለማን ነው? ደም ሲታይ ወይም የደም ማነስ ሲገኝ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ በማንኛውም ዕድሜ ይመረመራል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሚነሳው ዕጢው በደህና ከወጣ በኋላ ነው። ፓቶሎጂስቱ ይለካል። ካንሰሩ ከስሱ ሽፋን ወደ ታች የሰረገው ከአንድ ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ የደምና የሊምፍ መስመሮችን ካልነካ፣ የሴሎቹ ጠባይ ክፉ ካልሆነ፣ ሥራው አልቋል። ካለፈ ግን በሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ካንሰር የሚገኝባቸው ከመቶ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያህል ናቸው። የጃፓኑ መመሪያ ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና እንዲታሰብ ይመክራል፤ ማለትም ማይልስና ተከታዮቹ ያስተማሩት አንጀትን ከነሊምፍ ዕጢው ማውጣት፣ ዛሬ በአብዛኛው በላፓሮስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች።

ለስልሳ ዓመት ጎልማሳ መልሱ ቅርብ ነው፤ ይቀደድ። ለሰማንያ አምስት ዓመት አባት፣ ልባቸው ለደከመ፣ ሰመመን ካገኙ በኋላ ለሳምንታት አእምሯቸው ሊናወጥ ለሚችል ግን አይቀልም፤ ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ ወይም ዘጠናው ምንም የቀረ ነገር ሳይኖርባቸው ነው የሚቀደዱት። ሐኪሙ ሁለቱን አደጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይነግራቸዋል፤ ልጆች አንዱን ይፈልጋሉ፣ እሳቸው ሌላውን። ልጆች ከሐኪሙ ጋር በበር ጀርባ ሹክ ተባብለው የሚወስኑበት ልማድ እዚህ ላይ ቦታ የለውም ብዬ አምናለሁ፤ ሆዱ የእሳቸው ነው፣ የሚቀራቸውም ዕድሜ የእሳቸው። ጃፓን ውስጥ በዚህ ዕድሜ ብዙዎች አልቀደድም ይላሉ። ለእነሱ የደም ምርመራና ሲቲ ስካን በየጥቂት ወሩ ይቀጠራል፤ ዕጢው የወጣበት ስፍራም በኮሎኖስኮፒ ተመልሶ ይታያል።